ወንድሜ ጫፉን ይፈልጋል፣ አባቴ «ደከመኝ» አይልም፤ የደን ጉዞውን እንዴት ላቅደው?

የዛሬዋ ጠያቂያችን «የቤቱ ታናሽ» ብላ ፈርማለች። ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። 31 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ታላቅ ወንድሜ ከስንት ዓመት በኋላ ለገና ከሜሪላንድ ይመጣል። ታኅሣሥ 25 ይገባል፤ ‹27 ላይ አባዬን ይዘን ወጨጫ ተራራ ጫፍ እንወጣለን፣ እዚያ ፎቶ እንነሳለን› ብሎ ከአሁኑ ወስኗል። እሱ ማራቶን ሯጭ ነው። አባቴ ግን 64 ዓመቱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሶፋው አይነሳም። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ያመዋል። ማንም ‹ደከመህ ወይ?› እንዲለው አይወድም። ወንድሜ የተራራ ጫማ ገዝቶለታል፣ ይዞለት ይመጣል። አክስቴ ደግሞ ‹ጀበናና ከሰል ይዤ ካልመጣሁ› ብላለች፤ የ9 ዓመት የልጅ ልጇንም ታመጣለች። እኔ የምፈልገው ጫጫታ የሌለበት ደን ውስጥ፣ ሸንተረር ሸንተረሩን እያወራን የምንውልበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከአስፋልት ውጪ ሄጄ አላውቅም። አስተባባሪዋ ግን እኔ ነኝ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ አባትን ከሶፋ አስነስቶ አንድ ቀን ደን ውስጥ ማዋል ትልቅ ነገር ነው። ወንድምሽም ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ሳንጥለው እናስተካክለው።

ጉዞውን ከመመለሻው ጀምረሽ አቅጂ። ሰው ሁሉ ተራራ ሲያስብ «የት ድረስ እንሂድ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንቺ «ስንት ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዙር?» ብለሽ ጀምሪ። ለእናንተ መልሱ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ሲሞላ የትም ሁኑ የት፣ ጫፉ ከፊታችሁ ቁጭ ብሎ ቢታይም ከዚያ ወዲያ አትሄዱም፤ ምሳ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ይህን ለሁሉም ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው። ተራራው ላይ ከተነሳ ክርክር ይሆናል። ወንድምሽ «10 ደቂቃ ብቻ» ይላል። አባትሽ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። አንቺ የሁለቱን ፊት አይተሽ ዝም ትያለሽ። ቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት ግን ማንንም አያስቀይምም። አባትሽም ደከመኝ ሳይሉ ይመለሳሉ።

6 ሰዓት የመጣው ከሒሳብ ነው። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ግምት አለ፤ ተጓዦች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዣለሽ። ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምሪበታለሽ። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ያለ እረፍት ነው። ልጅም አዛውንትም ላለበት ቡድን በአንድ ተኩል አባዢው። እናንተ ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ጠቅላላ አቀበቱ 500 ሜትር የማይበልጥ መንገድ ብትይዙ፣ መሄጃው ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ይወስዳል። ለውኃና ለትንፋሽ ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ከተነሳችሁ፣ 6 ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሸንተረሩ ላይ ናችሁ። ምሳ በልታችሁ 7 ሰዓት ሳይሞላ ቁልቁል ትጀምራላችሁ። የአባትሽን ጉልበት አስበን ለመመለሻው ሁለት ሰዓት እንስጠው። 9 ሰዓት ላይ መኪናችሁ ጋ ናችሁ። በጥር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ስለሆነ፣ የሆነ ነገር ቢያዘገያችሁ እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ብርሃን ይተርፋችኋል። ይህን ትርፍ ጊዜ ማንም እንዳይነካው። አንድ ሰው እግሩ ቢወለምና በየ20 እርምጃው እየቆመ ቢወርድ የምታወጪው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ቀኑን ማስቀየር አለብሽ። ምክንያቱ ደግሞ አባትሽ ሳይሆኑ እሱ ራሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት አካባቢ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያለ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ማራቶን መሮጥ ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ጠንካራ ሰው አቅሙን ተማምኖ ስለሚፈጥን ቶሎ ይመታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊከሰቱ ይችላሉ። አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ ከኖሩ ደማቸው ለምዶታል። ስለዚህ ከአውሮፕላን በወረደ በሁለተኛው ቀን ቢሄዱ፣ ቀድሞ ቁጭ የሚለው ምናልባት ወንድምሽ ነው። ይህን በቀጥታ ንገሪው። ስፖርተኛ ስለሆነ ይገባዋል።

ታኅሣሥ 27 በሌላም በኩል አይመችም። ፆሙ አልተፈታም፤ አክስትሽም ለበዓሉ ዶሮና ሽንኩርት ላይ ናቸው። ገና ካለፈ በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ያለውን ቅዳሜ ያዙ። ወንድምሽ ከሳምንት በላይ አዲስ አበባ ተንፍሶ ይከርማል። በጋ ስለሆነ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ መብረቅና ዝናብ አያሰጋም። አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፤ ዓርብ ማታ ጠጅም አረቄም ይቅርበት። መጠጥና ከፍታ አይስማሙም።

ለአባትሽ ደግሞ ከምክሮቼ ሁሉ ይሠራል የምለውን ልስጥሽ። ከፊት አድርጊያቸው። በደን መንገድ ላይ ቡድን የሚሄደው በቀርፋፋው ሰው ፍጥነት መሆን አለበት፤ ቀርፋፋው ከኋላ ከሆነ ግን መከራ ነው። የፊተኞቹ ይቆማሉ፣ ያርፋሉ፤ እሱ ሲደርስ እነሱ ይነሳሉ። በዚህ ዓይነት በጣም ማረፍ ያለበት ሰው ጨርሶ አያርፍም። አባት ከፊት ሲሄዱ ግን ማንም ምንም አይጠረጥርም። የቤቱ ትልቅ ናቸው፣ ቦታቸው ነው። እግራቸውን ሲያዘገዩ ሁሉም ያዘገያል። ቆም ብለው ዛፍ ሲያዩ ሁሉም ዛፍ ያያል። ወንድምሽ የመጨረሻው ሰው ይሁን፤ ከባዱንም ቦርሳ እሱ ይሸከም። ጉልበቱን የሚያፈስበት ቦታ አገኘ ማለት ነው፣ የሚቀር ሰውም አይኖርም። ሁሉም ማውራት በሚችልበት ፍጥነት ሂዱ። አባትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መጨረስ ካቃታቸው ፍጥነቱ በዝቷል። ያኔ «አባዬ፣ እዚህ የነበረውን ነገር እስቲ ንገረን» ብለሽ አስቁሚያቸው። «ደከመህ?» አትበያቸው።

ለጉልበታቸው ዱላ ይያዙ። ጥሩ፣ እስከ ክርናቸው ከፍታ የሚደርስ፣ የማይታጠፍ ዱላ። ቁልቁለት ላይ የሰውነትን ክብደት ከጉልበት ላይ ይቀንሳል። አገር ቤት ያደጉ ከሆነ ዱላ መያዝ ያስደስታቸዋል እንጂ አያሳፍራቸውም። ቁልቁለቱን በአጭር በአጭር እርምጃ፣ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ መውረድ ነው። መንገዱ ሰፋ ካለ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ይውረዱ።

አዲሱን ጫማ በተመለከተ ጠንከር ብለሽ ቁሚ። ስጦታው ቆንጆ ነው። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለበሰው ተራራ ላይ መሆን የለበትም። ወንድምሽ እንደገባ አባትሽ ጫማውን ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ ይልመዱት። እስከ ቅዳሜው ተረከዛቸውን ካልነካቸው ይሂዱበት። ከነካቸው አሮጌው ስኒከራቸው ይሻላል፣ ሶሉ ካላለቀ። ሁላችሁም ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ረጅም ጥፍር የጫማ ጫፍ ሲነካ የሚያደርገውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሌላው ነገር ሐኪማቸው ነው። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል፣ አንዳንዱ የልብ ምትን ያዘገያል። ሁለቱም አቀበት ለሚወጣ ሰው ለውጥ ያመጣሉ። «አቀበት ልወጣ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለው ይጠይቁ። የዕለቱን መድኃኒት ግን በራሳቸው ውሳኔ እንዳይዘሉ። ደረት ላይ ጭንቅ፣ ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ካለ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

እስከዚያ ቀን ድረስ አባትሽን አለማምጂያቸው። ሳምንቱን በሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሰፈር ውስጥ መራመድ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ያለውን አቀበት በዝግታ ሞክሩት። መጀመሪያ ግማሹን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም። ያን ሳይጨነቁ ከወጡ የተመረጠውን መንገድ ይችሉታል። ካልቻሉም አሁን ማወቅሽ ነው የሚጠቅመው። ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

አሁን ስለ ቦታው። ወንድምሽ ወጨጫን መምረጡ ትክክል ነው፤ ጫፉን መምረጡ ነው ያልተስማማኝ። ከደኑ ጽሕፈት ቤት እስከ ጫፉ ያለው አቀበት ከ500 ሜትር በብዙ ይበልጣል። ለእሱና ለጓደኞቹ የሚሆን ሌላ ቀን ነው። አንቺ የፈለግሽው ደግሞ በተራራው ተዳፋት ላይ አለ። መናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ በቀኝ በሚታጠፍ ጥርጊያ መንገድ ይደረሳል። በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ከተጠበቁ ደኖች አንዱ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለዋል። አፄ ምኒልክም በዘመናቸው እንዳይቆረጥ ጠብቀውታል። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ በባሕር ዛፍ የተከበበችው በዚያው ዘመን እንደሆነ ሳስብ፣ ይህ ደን መትረፉ ሁሌም ይገርመኛል። አባትሽ ከምኒልክ በፊት የቆመ ጽድ ሥር ቁጭ ብለው ምሳ ቢበሉ፣ ለእኔ ከጫፉ ፎቶ ይበልጣል።

ደኑ ውስጥ ከፍታሽን ዛፎቹ ይነግሩሻል። ከታች ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ታያለሽ። ግንዳቸው ወፍራም ነው፣ ጥላው ይቀዘቅዛል። ከፍ ስትይ ኮሶ ይበዛል። ቅርፊቱ ቀላ ያለና የሚላላጥ ነው፣ አበባው ይንጠለጠላል። ከዚያም በላይ ዛፉ እያጠረ ይሄድና አስታ ይመጣል። አስታ በብዛት ማየት ስትጀምሪ 3,000 ሜትር አካባቢ ደርሰሻል ብለሽ ገምቺ። ያኔ ሰዓትሽንም የወንድምሽንም ፊት እዪ። ፊቱ ከገረጣ ወይም ራሱን ካመመው ክኒን ውጦ መቀጠል አይደለም መፍትሔው። መውረድ ነው።

ሰው ሲበዛ ደኑ ዝም ይላል። እናንተ ዝም ስትሉ ደግሞ እሱ ማውራት ይጀምራል። ጉሬዛ ጠዋት ጠዋት ዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ፤ ነጭ ጭራው ከሩቅ ይለያል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጠቆር ያለ ድኩላ ከቁጥቋጦ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያችሁና ይሰወራል። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው፣ ራሱ ቢጫ የሆነው በቀቀን እዚህ አለ። አንዲት አረንጓዴ ወፍ ደግሞ ከዛፍ ዛፍ ስትበር ክንፏ ውስጥ ደማቅ ቀይ ታሳያለች። ልጅቷ ይህን እንድታይ «መጀመሪያ ያየ» የሚል ጨዋታ አጫውቷት። ስፒከር ማንም እንዳይዝ። ነብርም አለ ይባላል፤ ቀን ለቀን ሰው ፊት የሚመጣ እንስሳ አይደለም፣ አትስጉ። ቡድናችሁ አምስት ሰው ነው፤ ለጸጥታ የሚመች ቁጥር ስለሆነ ጎረቤት «እኛም እንምጣ» ቢል በትሕትና እለፊው።

ልጅቷ ትምጣ። የ9 ዓመት ልጅ 10 ኪሎ ሜትር ትችላለች፣ አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ካኮረፈች በኋላ። ከአዋቂ እይታ ግን አትጥፋ። ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ አልብሷት፤ መንገድ ዳር ሳማ አለ።

ስለ አክስትሽ ጀበና። እዚህ ላይ እሺ እንዳትዪ። በጋ ላይ የደኑ ወለል ደረቅ ቅጠል ነው፣ ሣሩ ገለባ ነው፣ አስታ ደግሞ ቶሎ ይያያዛል። አንድ ፍም ነፋስ ይዞት ቢሄድ ስንት መቶ ዓመት የቆመ ጽድ ይወስዳል። ቡናውን ጠዋት ቤት ያፍሉት፣ በፔርሙዝ ይያዝ። ሲኒዎቹንና ፈንዲሻውን ይዘው ይምጡ፤ ደኑ ውስጥ ይቅዱልን በያቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ሲኒ ይዘው መካከላችሁ መቀመጥ ይመስለኛል። ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ ጥላ ሥር መቆየት ቢመርጡም መልካም ነው፤ ሹፌሩ አብሯቸው ይሁን።

ለምግብ ከበሶ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ ጉልበት ይሰጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዝ፣ እየሄዱ ይበላል። ለምሳ አምባሻ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ክትፎና ጥብሱን ለማታ አቆዩት፤ ከባድ ምግብ በልቶ ቁልቁለት መውረድ አይመከርም። ውኃ ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅቷ አንድ ሊትር። ከምንጭ አትጠጡ። ሳይጠማችሁ ትንሽ ትንሽ ጠጡ፣ በተለይ ወንድምሽ።

ልብስ ላይ ብዙ አላስቸግርሽም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፣ ሸንተረሩ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ጠዋት የጥር ውርጭ ነው። እየሄዱ የሚያወልቁት ሹራብ፣ ለእረፍት ጊዜ የሚደርቡት ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ሰፊ ባርኔጣ። አባትሽ ጋቢያቸውን ካሉ ቦርሳ ውስጥ ይግባና ምሳ ላይ ይልበሱት። ጂንስ ሱሪ ለማንም አይሁን፤ በላብ ከረጠበ ይከብዳል፣ አይደርቅም። በአንዱ ቦርሳ ውስጥ ፕላስተር፣ የሚጠቀለል ፋሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሽንት ቤት ወረቀትና ፌስታል ይኑር። ያገለገለው ወረቀትም በፌስታሉ ይመለስ። ሙዝ ልጣጭም ቢሆን።

መጥፋትን በተመለከተ የምፈራው ገደሉን አይደለም። የከብትና የእንጨት ለቃሚ መንገዶችን ነው። ከዋናው መንገድ ይልቅ የተረገጡ የሚመስሉ፣ ከ200 ሜትር በኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚጠፉ መንገዶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ደንብ አውጪ፦ መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ይቆማል። ማንም አይቀድምም። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይታመን ካርታውን ቤት ሳለሽ ስልክሽ ላይ አውርጂው። መንገድ ከጠፋችሁ ቁሙ፣ ተሰብሰቡ፣ ያወቃችሁበት ቦታ ድረስ በመጣችሁበት ተመለሱ። በአቋራጭ ወደ ታች መውረድ አይሞከር።

ከሁሉም በላይ ግን የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በር ላይ የመግቢያ ይከፈላል፣ መንገድ የሚያሳይ ሰውም ጠይቂ። «ሸንተረሩን ይዞ የሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ አዛውንትና ልጅ የሚችለው መንገድ» በይው። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ምሳውንም አስቡለት። መንገድ ላይ ለምታገኙት ሰው «አካም ጅርቱ» በሉ፣ ለተደረገላችሁም «ገለቶማ»። ልጅቷ ቀድማ ትልመደው፤ በሩን ሁሉ የምትከፍትላችሁ እሷ ነች።

ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት ደውለሽ መንገዱ ክፍት መሆኑንና የአካባቢውን ሰላም ጠይቂ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠይቂ። «አሁን ባትመጡ ይሻላል» ካሉሽ አትከራከሪ፣ አትለማመጪም። ቤት የምትቀረዋ እናትሽ ወይም ጎረቤት የት እንደሄዳችሁና «እስከ 11 ሰዓት ካልደወልን በዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል ወረቀት ይያዙ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። የሰበታ መንገድ ከረፈደ በከባድ መኪና ይሞላል፣ ጥርጊያውም ቀስ ያስብላል። ከፍ ያለ መኪና ፈልጉ። ነዳጅ ዓርብ ማታ ይሞላ።

ዓርብ የምትደውዪለት ሰው «አይቻልም» ካለሽ ደግሞ ቀኑን እንዳትሰርዢው። የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከተማው ዳር፣ እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። አገር በቀል ዛፍ ሥር የሚኬድበት መንገድ አለው፣ ወደ ቤትም ቅርብ ነው። በሶው፣ ፔርሙዙ፣ ዱላው ሁሉ ይሠራል። አባትሽ ከፊት የሚሄዱበትና 6 ሰዓት ላይ የምትመለሱበት ደንብ እዚያም አይቀየር። ወንድምሽ ከመመለሱ በፊት ሌላ ቅዳሜ ካለ መናገሻ ሱባን ደግመሽ ጠይቂ።